ትንፋሼ ተሻሻለ፣ ጉልበቴ ግን ከዳኝ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 44 ነው። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ በቀን ከ9 እስከ 10 ሰዓት እቀመጣለሁ። ክብደቴ ከወጣትነቴ ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም፤ የሱሪዬ ወገብ ግን ሁለት ቁጥር ጨምሯል። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ አመሻሽ ላይ ወገቤ ይደርቃል። ከአንድ ወር በፊት ቆርጬ ተነሣሁና በየቀኑ 5 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጀመርኩ። ትንፋሼ ቶሎ ተሻሻለ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የቀኝ ጉልበቴ ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር፤ በተለይ ደረጃ ስወርድና ከወንበር ስነሣ። ሐኪም አይቶኝ የተቀደደም የተሰበረም ነገር የለም፣ ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግሃል ብሎኛል። ኪኔሲዮሎጂ የምትማር ልጄ ደግሞ ‹ጥፋቱ የሩጫው ሳይሆን የአጀማመርህ ነው› ትለኛለች። ሦስት ነገር ንገሩኝ። ካልወፈርኩ መቀመጥ ምን ይጎዳኛል? ጉልበቴ ለምን ታመመ፣ ሩጫውንስ ልተወው? ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ስፖርት ብሠራ የቀኑን መቀመጥ ያካክስልኛል?»

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። ሰውነት የተጠየቀውን ያህል ይጠነክራል፣ ያልተጠየቀውን ደግሞ ይጥለዋል። ችግሩ ሁሉም ክፍል በአንድ ፍጥነት የማይለምድ መሆኑ ነው። ደምና ልብ በቀናትና በሳምንታት ይለምዳሉ፣ ጡንቻ በሳምንታት፣ ጅማትና አጥንት ግን በወራት። እርስዎ ለዓመታት ምንም ያልጠየቁትን ጉልበት በልብዎ ፍጥነት አስሮጡት።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ብለን እንለፍ። ኪኔሲዮሎጂ «ኪኔሲስ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም እንቅስቃሴ። የሰውን እንቅስቃሴ ከአጥንትና ከጡንቻ አሠራር፣ ከኃይልና ከጫና፣ ከልብና ከሳንባ ሥራ፣ ከነርቭ ትእዛዝ አንጻር ያጠናል። «አፕላይድ ኪኔሲዮሎጂ» የሚባለው በስም ቢመስለውም ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአንድ አሜሪካዊ ካይሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ በማስተካከል የሚያክም ባለሙያ) የተጀመረ ሲሆን፣ ክንድዎን ተጭኖ «ይህ ምግብ አይስማማዎትም» እስከ ማለት ይደርሳል። በጥንቃቄ ሲፈተሽ ከግምት የተሻለ ውጤት አላሳየም። ልጅዎ የምትማረው እሱን አይደለም፤ እርስዎም ጉልበትዎን ለዚያ ዓይነት ምርመራ አይስጡ።

«ቀጭን ነኝ» የሚለው ምክንያት ብዙ ሰው የሚደገፈው ግድግዳ ነው፤ ግን አይሸከምም። እ.ኤ.አ. በ1953 ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን አነጻጸሩ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል። የልብ ደም ቧንቧ በሽታ በሾፌሮቹ ላይ በግልጽ በዝቶ ተገኘ። ሾፌሮቹ ድሮውኑ ወፍራሞች ስለነበሩ ይሆን? ሞሪስ ይህንን ለማጣራት የደንብ ልብሳቸውን ልክ አስፈልጎ አየ። በእርግጥም ሾፌሮቹ በወገቡ ሰፋ ያለ ሱሪ ነበር የሚለብሱት። ይሁን እንጂ ቀጭኑ ከቀጭን፣ ወፍራሙ ከወፍራም ጋር ሲተያይም ልዩነቱ አልጠፋም። (የእርስዎም ሱሪ ሁለት ቁጥር መጨመሩን አንርሳ። ጡንቻ እየሟሸሸ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ ስብ ሲከማች ሚዛኑ ዝም ይላል፣ ቀበቶው ግን ይናገራል።)

በተቀመጡበት ሰዓት ውስጥዎ ምን እንደሚሆን እንይ። ከሰውነት ክብደት 40 በመቶ ገደማው ጡንቻ ነው፤ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት መቀመጫ፣ ጭንና ባት ላይ ነው። ሲቀመጡ እነዚህ ሁሉ ሥራ ይፈታሉ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም የሚያስገባበት በር ኢንሱሊን ሳያንኳኳም ይከፈታል። ሥራ የፈታ ጡንቻ ግን ሁሉንም ነገር ለኢንሱሊን ይተወዋል፤ ውሎ አድሮም የኢንሱሊንን ጥሪ መስማት እየተሳነው ይሄዳል። ወደ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ከሚወስዱት መንገዶች ዋነኛው ይኸው ነው። ከደም ውስጥ ስብን እየሰበረ ለጡንቻ የሚያቀርበው ኢንዛይምም ጡንቻው ሥራ በፈታበት ቦታ ሥራው ይቀንሳል። ባት ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለበት፤ በተራመድን ቁጥር ደም መላሽ ሥሮችን እየጨመቀ ደሙን ሽቅብ ወደ ልብ ይገፋል። ማታ ካልሲዎን ሲያወልቁ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ቀለበት ተቀርጾ ካገኙ፣ ፓምፑ ቆሞ መዋሉን ይጠርጥሩ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያጥርዎ ትንፋሽ ባልታመመ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሳንባ ጉዳይ አይደለም። ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም አንሷል፤ በጡንቻ ሴሎች ውስጥ በኦክሲጅን ተጠቅመው ኃይል የሚያመርቱት ሚቶኮንድሪያዎችም ቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በዳላስ 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገና ኦክሲጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው ከሩብ በላይ ወረደ። እነዚያው 5 ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲለኩ፣ የ30 ዓመት ዕድሜ ከአቅማቸው የቀነሰው የ3 ሳምንቱ አልጋ ከቀነሰው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ ያ የአልጋ ጉዳት በዚያው ጊዜ በተሰጣቸው የ8 ሳምንት ልምምድ ተመልሷል። የእርስዎም ትንፋሽ ቶሎ የተሻሻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ጉልበቱ እንምጣ። ሩጫ በተጀመረ በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ የደም ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ ልብም በአንድ ምት አብዝቶ ይገፋል። ያው 5 ኪሎ ሜትር ይቀልልዎታል፣ ትንፋሽዎም «ጨምር» ይላል። ጉልበት ግን በዚህ ምክር ላይ አልተገኘም።

የጉልበት ሎሚ ጌጥ አይደለም። ከፊት ጭን ጡንቻ የሚመጣውን ጅማት ከመገጣጠሚያው መካከል ወደ ፊት አርቆ ይይዘዋል፤ በዚህም ጡንቻው እግርን ለመዘርጋት የተሻለ ማንሻ ያገኛል። የዚህ ዋጋው ደግሞ ሎሚው ወደ ጭን አጥንት መጫኑ ነው፤ ጉልበት እየታጠፈ በሄደ ቁጥር ጫናው ይጨምራል። በሜዳ ሲራመዱ በዚያ ቦታ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት ጋር ይቀራረባል። ደረጃ ላይ 3 እጥፍ ገደማ፣ በሩጫ ደግሞ 5 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንዲት የሩጫ እርምጃ 350 ኪሎ ያህል ጫና በዚያች ትንሽ ገጽ ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይህ በአንድ እግር ብቻ ወደ 2,500 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይደጋገማል። ደረጃ ሲወርዱና ከወንበር ሲነሡ ማመሙ፣ ሐኪሙም የተቀደደ ነገር አለማግኘቱ፣ ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል። ቦታው አልተሰበረም፤ ካስለመዱት በላይ ተጭኗል።

5 ኪሎ ሜትር በራሱ እብደት አይደለም፤ የባሰው «በየቀኑ» የሚለው ነው። ጅማት የተሠራው በዋናነት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ከጠንካራ ጫና በኋላ ባሉት 24 እስከ 36 ሰዓታት ውስጥ የሚፈርሰው ኮላጅን ከሚገነባው ይበልጣል፤ ግንባታው የሚያሸንፈው ከዚያ በኋላ ነው። በማግሥቱ ደግመው ሲሮጡ ግንበኛው ሳይጨርስ ያፈርሱበታል። አንድ ቀን ሮጦ አንድ ቀን መዝለል የስንፍና ሳይሆን የሂሳብ ጉዳይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሦስተኛው ነገር ዳሌ ነው። ሲሮጡ ሁልጊዜ የሚያርፉት በአንድ እግር ነው፤ ያን ጊዜ ዳሌ ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚይዘው በመቀመጫ ጎን ያለው ጡንቻ ነው። እሱ ሲደክም ጭን ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ጉልበትም ወደ አውራ ጣት አቅጣጫ ይገባል፣ ሎሚውም ከሐዲዱ ወደ ውጭ ጠርዝ ይገፋል። መስታወት ፊት በአንድ እግር ቆመው ጉልበትዎን በትንሹ፣ 5 ጊዜ በዝግታ እያጠፉ ይዩ። ጉልበቱ ከሁለተኛው የእግር ጣት መስመር ወጥቶ ወደ ውስጥ ከገባ፣ የሚሠራው ሥራ ዳሌ ላይም አለ።

ሩጫውን ለዘለዓለም አይተዉት። ሙሉ በሙሉ መተኛትም መፍትሔ አይደለም፤ በዕረፍት ብቻ ሕመሙ ቢጠፋ ጉልበቱ ይበልጥ ደክሞ ይቆይዎትና በመጀመሪያው ሩጫ ይመለሳል። መለኪያ ይያዙ፤ 0 ምንም ሕመም የሌለበት፣ 10 የማይቻል ሕመም ይሁን። በእንቅስቃሴ ጊዜ እስከ 3 ድረስ ይታገሡት፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ከዚያ ከበለጠ ወይም ካደረ፣ የሚቀጥለውን ልምምድ አይሰርዙት፤ አንድ ሦስተኛውን ይቀንሱለት። ይህንን ከሰውነት መተሳሰር ጋር አያምታቱት። መተሳሰር የጡንቻውን ሥጋ ነው የሚይዘው፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይለቃል፣ ሲፍታቱም ይቀላል። የመገጣጠሚያ ሕመም ግን የሚሰማው መገጣጠሚያው አካባቢ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም እየሠሩ በሄዱ ቁጥር ይብሳል።

ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት አይሩጡ። በሳምንት 5 ቀን በፈጣን እርምጃ ይራመዱ፤ ከ20 ደቂቃ ጀምረው በሦስተኛው ሳምንት 30 ይድረሱ። ፈጣን የምንለው በደቂቃ 100 እርምጃ ገደማን ነው፤ በ15 ሴኮንድ 25 እርምጃ ቆጥረው ማረጋገጥ ይችላሉ። ሌላው መለኪያ፣ መናገር ይችላሉ መዝፈን ግን ያቅትዎታል። ቁልቁለትንና ረጅም የደረጃ ወረዳን ለጊዜው ይራቁ፤ መውረድ ከመውጣት ይልቅ ጉልበትን ይፈትናል።

ከርምጃው ጎን ለጎን በሳምንት 2 ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ጡንቻዎን ያሠሩ። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ዋናው ነው። እግሮችን በትከሻ ስፋት ከፍተው፣ በ3 ሴኮንድ በዝግታ ይቀመጡ፣ በ1 ሴኮንድ ይነሡ፤ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ 3 ዙር። ሕመሙ ከ3 ካለፈ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት፤ የጉልበት መታጠፍ ሲያንስ ጫናው ያንሳል። እጅ ላይ እየተደገፉ መነሣት ወይም መጨረሻ ላይ ዘጭ ብሎ መውደቅ ልምምዱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ጥቅሙ ያለው በዝግታ መውረዱ ላይ ነው። ቀጥሎ በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበት አጥፈው፣ መቀመጫዎን ከወለል ያንሱ፤ ከላይ 3 ሴኮንድ ይቆዩ፣ 12 ጊዜ። ወገብዎ ከተቆለመመ ከመጠን በላይ አንሥተዋል። ከዚያ በጎን ተኝተው የላይኛውን እግር ቀጥ አድርገው፣ በትንሹ ወደ ኋላ ወስደው ወደ ላይ ያንሱ፣ 12 ጊዜ። እግሩ ወደ ፊት ከመጣ ሥራውን የዳሌ ፊት ጡንቻ ይቀማል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በመጨረሻ ግድግዳ ይዘው በእግር ጣቶች ጫፍ ይነሡ፣ በ3 ሴኮንድ ይውረዱ፣ ከ12 እስከ 15 ጊዜ። ከወንበሩ ልምምድ ሌላ ያሉትን በ2 ወይም በ3 ዙር ይሥሩ። መጨረሻው ዙር ላይ «ከዚህ በላይ ሁለት ብቻ እችላለሁ» የሚያሰኝ ድካም ካልተሰማዎት ቀሏልና ክብደት ይያዙ። ለክንድና ለደረት ግድግዳ ላይ የሚሠራ ፑሽ አፕ ለጊዜው ይበቃል።

ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ደረጃ ሲወርዱ ሕመምዎ 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሩጫውን ይመልሱት፦ 4 ደቂቃ እርምጃ፣ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ይህንን 6 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን። በየሳምንቱ ከእርምጃው አንድ ደቂቃ ወደ ሶምሶማው ያሻግሩ። ጉልበቱ ካጉረመረመ ያንን ሳምንት ይድገሙት፤ ማንም አይቀድምዎትም። በ8ኛው ሳምንት ገደማ ያለማቋረጥ እስከ 30 ደቂቃ መሮጥ ይደርሳሉ። እዚያ ላይ ርቀትንና ፍጥነትን በአንድ ሳምንት አብረው አይጨምሩ፤ ከተመላሽ ሯጮች ብዙዎቹ የሚወድቁት በዚህ ነው። በደቂቃ የሚረግጡትንም ይቁጠሩ። 160 ከሆነ ፍጥነትዎን ሳይጨምሩ እርምጃውን አሳጥረው ወደ 168 ወይም 176 ያድርሱት። አጭርና ቶሎ ቶሎ የሆነ እርምጃ እግርን ከሰውነት ሥር ስለሚያሳርፍ በጉልበት ሎሚ ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳል። ስለ ጫማ አልጠየቁንም፤ የሚመች ከሆነና ሶሉ ካላለቀ ይበቃል፣ የጭነት ስህተትን የሚያርም ጫማ የለም።

ወገብዎ የሚደርቀው ደግሞ «መጥፎ አቀማመጥ» ስላለዎት ብቻ አይደለም። ጎብጠው ሲቀመጡ የጀርባ ጡንቻዎች ሥራቸውን ለአከርካሪ ጅማቶች አስረክበው ዝም ይላሉ። ጅማት ለረጅም ጊዜ ሲወጠር ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ ከተነሡ በኋላም ወዲያው አይመለስም። ከዚህ የሚወጣ አንድ ተግባራዊ ምክር አለ። ለረጅም ሰዓት ከተቀመጡበት ተነሥተው በዚያው ቅጽበት ከባድ ነገር ከወለል አያንሱ፤ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ይራመዱ። ቀጥ ብሎ መቀመጥም ቢሆን ለሰዓታት ሲቆይ ያደክማል። ስለዚህ ውድ ወንበር ከመፈለግ ይልቅ ቶሎ ቶሎ አቀማመጥ መለወጥ ይሻላል።

አንድ ሰዓት ስፖርት የቀኑን መቀመጥ ያካክሳል ወይ? በአብዛኛው አዎን፣ ግን የሚጠየቀው ከሚገምቱት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንታኔ፣ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቀመጥ የሚያስከትለው የሞት ስጋት የጠፋው በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ መሆኑን አሳይቷል። በቀን እንጂ በሳምንት ሦስት ቀን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂ ያስቀመጠው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ነው፤ በዚያ ላይ 2 ቀን የጡንቻ ሥራ። ይህ ብዙ ይጠቅማል፤ ለ10 ሰዓት ወንበር ግን ሙሉ ካሳ አይደለም። ማታ የሚሮጡት ሩጫም ምሳ በልተው የተቀመጡበትን የከሰዓት ስኳር ወደ ኋላ ተመልሶ አያወርድልዎትም።

ስለዚህ ቀኑን ይቁረጡት። በየ30 ደቂቃው ተነሥተው ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይራመዱ፤ ከምግብ በኋላ ያለውን 15 ደቂቃ ግን በእግርዎ ያሳልፉት፣ የደም ስኳር የሚጨምረው በዚያ ሰዓት ነውና። መነሣት የማይቻልበት ስብሰባ ላይ ተረከዝዎን ከወለል እያነሡ ባትዎን ያሠሩ። ስልክ ሲደወል መቆምን ልማድ ያድርጉት። የቁም ጠረጴዛ ካሰቡ ግን ብዙ አይጠብቁበት፤ ዝም ብሎ መቆም ከመቀመጥ እምብዛም የበለጠ ኃይል አይፈጅም፣ ለሰዓታት ከሆነም ደም መላሽ ሥሮችን ያስጨንቃል።

ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ቁጥር ይመዝግቡ፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ በደቂቃ ስንት የልብ ምት እንዳለዎት፣ እጅ ሳይደገፉ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሡ፣ የወገብዎ ዙሪያ በእምብርት ትይዩ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ። በ12ኛው ሳምንት እንደገና ይለኩ። ሚዛኑ ላይ ምንም ለውጥ ባያዩ አይደነቁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ለደም ግፊት፣ ለስኳር ወይም ለልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሩጫውን ከመመለስዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ሲራመዱ ከከዳዎ እንደገና ይታዩት። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረትዎን ካስጨነቀዎ ወይም ራስዎን ሊስቱ ካሉ፣ አንደኛው ባት ብቻውን አብጦ ከሞቀና ካመመ፣ የወገብ ሕመም በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከመደንዘዝ ወይም ሽንት ካለመቆጣጠር ጋር ከመጣ ግን፣ ደብዳቤ አይጻፉልን፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።